የ50 ኸርዝ ጫጫታን ከጂኦፎን ገመድ ስለማስወገድ የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

ድሬዳዋ፣ በደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ዳርቻ፣ የከርሰ ምድሩን አቀማመጥ በመዶሻ ምት በሚፈጠር ሞገድና የመሬት ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት በሚቀይር መሣሪያ (ጂኦፎን) እያጠናሁ ሲሆን፣ በአቅራቢያው ካለው የኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣው የ50 ኸርዝ ጫጫታ (ምልክቱን የሚረብሽ የኤሌክትሪክ ጣልቃ ገብነት) ሞገዱ መጀመሪያ የደረሰበትን ቅጽበት እንዳላነብ አግዶኛል። ምቶችን መደራረብ (በተደጋጋሚ መትቶ ቅጂዎቹን አንድ ላይ መደመር) የምልክቱን ጥራት የሚያሻሽለው በምቶቹ ቁጥር ስኩዌር ሩት ልክ ስለሆነ፣ 16 ምት 4 እጥፍ ብቻ ይሰጣል፤ በዚህ ሙቀት ደግሞ መዶሻ ለሚያነሣው ረዳቴ ይህ ቀላል አይደለም። 50 ኸርዝን ብቻ የሚቆርጠው ማጣሪያም የሞገዱን መነሻ ስለሚያዛባ አላመንኩበትም። ጂኦፎኑን ነቅዬ በቦታው ተመጣጣኝ ሬዚስተር ሳስገባ ጫጫታው አለመጥፋቱ፣ የሚገባው በገመዱ በኩል መሆኑን ያመለክታል። በመስኩ የሠራችሁ ባለሙያዎች፣ እርስ በርሱ የተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦ ያለው ገመድ ይበቃኝ እንደሆነ፣ ወይስ ምልክቱን እዚያው ጂኦፎኑ ዘንድ ወደ ዲጂታል የሚቀይር መሣሪያ መፈለግ ግድ እንደሚሆንብኝ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።