የኬፕታውን የአየር ጠባይ ከአዳማ አንጻር

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአዳማ ነዋሪ ነኝ። ታናሽ እኅቴ በሰኔ ወር ለትምህርት ወደ ኬፕታውን ትሄዳለች። ዝናቡ በዚያም ከሰኔ እስከ ነሐሴ እንደሚበረታ ሰምተናልና አየሩ የእኛን ይመስል ይሆን? ምን ዓይነት ልብስስ ትያዝ?

መልስ 1፦ እኅታችን በሰላም ትግባ። ወራቱ ይመሳሰሉ እንጂ የዝናቡ መነሻ ለየቅል ነው። ለእኛ የሚዘንበው ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል በምድር ወገብ ዙሪያ እንደ መቀነት የተዘረጋው ዝናብ አዘል ደመና ተከትሏት ስለሚመጣ ነው። ኬፕታውን ግን ከምድር ወገብ በስተደቡብ 34 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በእነዚሁ ወራት ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነሣው ቀዝቃዛ አየር ዝናብና ብርቱ ነፋስ ይዞባት ይገባል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ከፍተኛ የአየር ግፊት መንገዱን ስለሚዘጋበት ሰማዩ ጠርቶ ይሰነብታል።

መልስ 2፦ እኔ እዚያው ኖሬያለሁ። በሐምሌ ቀኑ 18፣ ሌሊቱ 7 ወይም 8 ዲግሪ ገደማ ነው። ቁጥሩ ቀላል ቢመስልም ብዙዎቹ ቤቶች ማሞቂያ ስለሌላቸው ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ ወፍራም ሹራብና ውሃ የማያስገባ፣ ቆብ ያለው ጃኬት ትያዝ፤ ጃንጥላውን ነፋሱ ገልብጦ ሽቦውን ያጣምመዋልና አትመካበት።

መልስ 3፦ ውሃ መቆጠብንም ከወዲሁ ትልመድ። የከተማዋ ግድቦች የሚሞሉት በዚሁ ዝናብ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2017 በተከታታይ በማነሱ፣ በ2018 ለአንድ ሰው በቀን የተፈቀደው 50 ሊትር ብቻ ነበር።