ኤፌሶን 2፥8 ላይ «ይህም» የሚለው ምኑን ነው?

የቤት ለቤት ጥናት እመራለሁ። ባለፈው ሐሙስ እዚህ ጥቅስ ላይ ቆምን፦ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም»። አንዲት እህት «ስጦታው መዳኑ ነው ወይስ እምነቱም ጭምር?» አለችኝ። ለዓመታት የምትጸልይለት፣ ማመን ያቃተው ወንድም አላት። ጥያቄው ከልቧ ነው።

አማርኛው አይለይልኝም፤ «ይህም» ለጸጋውም ለእምነቱም ይሆናል። ግሪክኛ የተማረ ወዳጄን ጠየቅኩ። በግሪክኛ ሰዋስው «ጸጋ» እና «እምነት» በጾታ ሴቴ ናቸው፤ «ይህም» ግን ወንዴም ሴቴም አይደለም፤ ስለዚህ በጾታ ከሁለቱ ከአንዳቸውም ጋር አይስማማም አለኝ። እንግዲያው የሚያመለክተው መላውን የመዳን ነገር ነው ብዬ ልመልስላት ተዘጋጀሁ። ከዚያ ፊልጵስዩስ 1፥29ን አነበብኩ። እዚያ ማመንም ተሰጥቶአችኋል ይላል! እንደገና ግራ ገባኝ።

እምነትም ራሱ ስጦታ ከሆነ፣ ስለ ወንድሟ ምን ብዬ ልመልስላት?