ክርክር፦ ዝናብ ሲዛባ እማወራ ቤት ቅድሚያ ይሰጠው?

የወረዳው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬን የማነሳው የወሎን ቆላ እያሰብኩ ነው። ክረምቱ ዘግይቶ ይገባል፣ ቶሎ ይወጣል። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የሴፍቲኔት ኮታ ሲመጣ ለሁሉም አይዳረስም። ታዲያ እማወራዎች ይቅደሙ ወይስ ድሃ ድሃ ነው ተብሎ ሁሉም እኩል ይታይ? እኔ ይቅደሙ ባይ ነኝ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ጥናት እንደሚለው፣ በሴት የሚመሩ የገጠር ቤተሰቦች በሙቀት ሳቢያ የሚያጡት ገቢ በወንድ ከሚመሩት በ8 በመቶ ይበልጣል። በጎርፍ ሳቢያ ደግሞ በ3 በመቶ።

ማሾ ሻጩ፦
ድርቅ ጾታ አይመርጥም ወንድሜ። በ2008ቱ ኤልኒኖ እርዳታ ፈላጊው 10.2 ሚሊዮን ሲደርስ ወንዱ ጠግቦ ነበር እንዴ? የእኛ ሰፈር ጎልማሶች ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። ወባ ይዞ የሚመለስ አለ፣ ጭራሽ የማይመለስም አለ። ደግሞ እማወራ ሁሉ ድሃ ናት ያለው ማነው? ልጆቿ ሳዑዲ ሆነው ቆርቆሮ ቤት የሠሩላት አለች። አጠገቧ አምስት ልጅ ይዞ በአንዲት ጥማድ መሬት የሚማስን አባወራ አለ። የቱን ነው የምታስቀድመው?

የቀድሞ ዲኤ፦
ስምንት በመቶ፣ ሦስት በመቶ እያልን ከምንጨቃጨቅ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ። የግብርና ልማት ሠራተኛ (ዲኤ) ሆኜ ልማት ጣቢያ ስሠራ ያየሁት ነው።

ሴት እርፍ አትጨብጥም። ሕግ አይደለም፣ ልማድ ነው። ትጎለጉላለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ በሬ ጠምዳ ግን አታርስም። ብትሞክር መሳቂያ ናት። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች መሬቷን ለእኩል አራሽ፣ አርሶ ምርቱን ለሚካፈላት ሰው፣ ትሰጣለች። አራሹ መጀመሪያ የማንን ያርሳል? የራሱን ነዋ! ከዚያ የወንድሙን፣ ከዚያ የእሷን። ጤፍ አራት አምስት ጊዜ መታረስ ይፈልጋል። የእሷ ማሳ ሁለቴ ተገላብጦ ይዘራበታል፣ ያውም ሐምሌ ሊያልቅ ሲል።

ድሮ ዝናቡ መስከረምን ሲያጋምስ ሁለት ሳምንት መዘግየት ምርት ይቀንስ ነበር እንጂ አያጠፋም ነበር። አሁን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቁርጥ ሲል የጎረቤቷ ጤፍ ፍሬ ይዟል፣ የእሷ ገና ዘለላ አላወጣም። ሰማዩ አንድ፣ አፈሩ አንድ። ያችኑ የተረፈችውን ደግሞ ከአራሹ ጋር ትካፈላለች።

ቁጥር ካማራችሁ፣ በአገራችን በተሠራ አንድ ጥናት ሴቶች የሚያስተዳድሩት ማሳ ምርታማነት በ23 በመቶ ገደማ ያንሳል። ግብዓትና ሌላ ሌላው ልዩነት የሚያስረዳው ከዚህ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ቀሪው ተመሳሳይ ነገር ይዘውም ተመሳሳይ ውጤት ስለማያገኙ ነው።

ደሴ ነኝ፦
ሁላችሁም የምትቆጥሩት እማወራን ብቻ ነው። ባል ያላትስ? ባሏ መተማ ሲወርድ መዝገብ ላይ «አባወራ ያለበት ቤት» ነው። ብቻዋን ናት ግን። ስልጠና ሲጠራ የሚጠራው እሱ ነው። ማዳበሪያ የሚወጣው በእሱ ስም ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ ሴት በመሬት ከወንድ እኩል መብት አላት ይላል። አማራ ክልል የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ አለ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ፍቺ ሲመጣ ያድናታል። ግን ፎቶ በሬ አይጠምድም።

ሌላ ደግሞ፣ ክፉ ዓመት ሲመጣ መጀመሪያ የሚሸጠውን አስተውሉ። ዶሮ፣ ከዚያ ፍየል። በአብዛኛው የእሷ ናቸው፣ ለልጆቹ ደብተርና ለጨው ትይዛቸው የነበሩ። በሬው ይቆያል፣ ምክንያቱም ያለ በሬ የሚቀጥለው ክረምት የለም። ምክንያቱ ትክክል ነው። ግን ድርቁ ሲያልፍ ማን ባዶ እጁን ቀረ? ምንጩ ሲደርቅ ደግሞ ያ ሃያ ሊትር ጄሪካን በማን ጀርባ ነው የሚመጣው? ይህን የትኛውም የእርዳታ ቅጽ አይጠይቅም።

ሪያድ ያለሁት፦
«ልጆቿ ሳዑዲ» ላልከው ወንድም። እኔ ነኝ ያቺ ልጅ። ሰው ቤት ነው የምሠራው። የወጣሁት ከ2008ቱ ድርቅ በኋላ ነው። የምልከው ብር ማዳበሪያ ሆኗል፣ የአንድ በሬ ግማሽም ሆኗል። ቆርቆሮውም እውነት ነው። ግን አሠሪዬ ደመወዝ ሁለት ወር ስታዘገይ እናቴ ሰኔን ያለ ማዳበሪያ አለፈች። ቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ጎተራው ሙሉ አይምሰልህ።

ማሾ ሻጩ፦
አንቺን ለመንካት አይደለም እህቴ፣ አላህ ይርዳሽ። እኔ የምለው መስፈርቱ በሬ ይሁን ነው። ሁለት ያለው፣ አንድ ያለው፣ ምንም የሌለው። በሬ የሌለው አባወራም ማሳው መጨረሻ ነው የሚታረሰው። እንዲህ ብትቆጥሩ እማወራዎቹ ራሳቸው ከፊት ይመጣሉ፣ ማንም አያኮርፍም።

የቀድሞ ዲኤ፦
አይመጡም፣ እዚህ ጋ ነው የምንለያየው። በሬ የሌለው ወንድ ጉልበት አለው። ለሰው ሁለት ቀን ያርስና አንድ ቀን በሬ ይዋሳል። አንድ በሬ ያለው ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። እሷ በሬ ቢኖራት እንኳ ጠምዶ የሚያርስላት ትፈልጋለች። ደቦ ጥሪ እንዳትሏት፣ ደቦ ጠላና እንጀራ ይፈልጋል። በድርቅ ዓመት ከየት ታምጣው?

የጉራጌው፦
ወገኖች፣ አገሩን ሁሉ በሞፈር አትለኩት። እኛ ጋ እንሰት አለ። ድርቅ ይችላል። በአንድ ዓመት ዝናብ መቅረት አይሞትም። መፋቁም፣ ቆጮውን መቅበሩም፣ የቱ ለምን እንደሚሆን መለየቱም የሴት እውቀት ነው። «ተጋላጭ» ብቻ እያላችሁ ስትጽፉ ይህን እውቀቷን ትሰርዙታላችሁ።

ደሴ ነኝ፦
እውነት ነው ጋሼ። መፋቁ ወገብ እንደሚያጎብጥም ግን አብረው ይንገሩን።

የወረዳው ልጅ፦
ወደ መፍትሔ እንምጣ። ሁለት ሐሳብ አለኝ። አንድ፣ የእኩል ውል ሲጻፍ የሚታረስበት ቀንም ይጻፍ። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ውል ይመዘግብ የለ? ሁለት፣ ቶሎ የሚደርስ ዘር ሲመጣ ዘግይቶ ለሚታረስ ማሳ ይቅደም። ጾታም አትጥሩ፣ በሬም አትቁጠሩ። ማሳው ሐምሌ አጋማሽ ላይ አልታረሰም? ቅድሚያ አለው።

የቀድሞ ዲኤ፦
ሁለተኛው ይሠራል። የመጀመሪያው ግን አራሽ ያሳጣታል። ቀን የሚያስፈርም ውል ካየ ሌላ መሬት ይይዛል። ገበያው የእሱ ነው። ውሉ የሚሠራው ሌላ አራሽ ካለ ብቻ ነው። ማኅበር ያደራጃቸው ሥራ አጥ ወጣቶች በሬ በብድር ወስደው በክፍያ ቢያርሱ አንድ ነገር ነው። ትራክተር የምትሉ፣ ያ ተዳፋት ላይ እስቲ አውጡትና አሳዩኝ።

ማሾ ሻጩ፦
የዘሩን እኔም አልቃወምም። ግን የዘገየውን ማሳ ማን ይመዘግባል? የእኛ ቀበሌ ኮሚቴ ሁሉም ባለ ሁለት በሬ ነው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የራሳቸውን አንድ ቁራሽ ሳያርሱ ትተው ዘሩን ይወስዱታል፣ እናውቃቸዋለን።

ደሴ ነኝ፦
እንግዲያው መዝጋቢዎቹ ውስጥ መሬቷን ለእኩል የሰጠች ሴት ትኑርበት። አንድ ሳይሆን ሁለት ሦስት፣ አንዷን ዝም ያሰኟታል። ስብሰባውም ጠዋት አይጠራ። ጠዋት ውሃ ላይ ናቸው።