ጥቆማ፦ እማዬን ለወገቧ አኩፓንክቸር የት ልውሰዳት? (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ቢኒ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እማዬ ወገቧን ካመማት ዓመት አለፈ ክኒኑም ጨጓራዋን ጨረሰው፣ ዶክተሯ አኩፓንክቸር (ያ በቀጫጭን መርፌ የሚወጉበት የቻይና ህክምና) ሞክሩ አለን። ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን ኢንሹራንስ) አላት። አንዱ ዊተን ያለ የቻይና ባህላዊ ህክምና ቤት ነው፣ ሌላው ሐኪሞች ያሉበት የህመም ክሊኒክ ውስጥ ነው የሚሰሩት። የቱ ይሻላል?

ሚሚ፦ ወይኔ ተጠንቀቅ! እኔን አንድ ማሳጅ ቤት ትከሻዬን ወግተውኝ ክንዴ ደንዝዞ ስንት ቀን ልብስ መልበስ አቃተኝ፣ መርፌውንም ከየት እንዳወጡት አላየሁም።

አቤል፦ ኧረ ሚሚ! መርፌው እኮ አይንሽ እያየ ከታሸገ ፓኬት ወጥቶ አንዴ ተሰርቶበት ነው የሚጣለው። ከሰሻቸው?

ሰናይት፦ አዲስ አበባ ከሆኑ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የቻይና ሐኪሞች አሉ።

ቢኒ፦ እዚሁ ሜሪላንድ ናት ሰናይትዬ

ጋሽ ተሾመ፦ ይሄ የኛው ዋግምት አይደል እንዴ?

ዳጊ፦ ዋግምትስ ያመመህ ቦታ ላይ ነው ጋሼ። እነዚህ ወገብ ሲታመም ጉልበት ነው የሚወጉት፣ ጥርስ ለታመመ ጫማውን ይወጉለት ይሆናል 😂

ነርሷ፦ ዳጊ ወንድሜ፣ በቻይኖቹ አስተሳሰብ ቺ የሚሉት ኃይል በ12 ዋና ዋና መስመሮች ይዘዋወራል፣ ሲታገድ ህመም ይሆናል። የፊኛ የሚሉት መስመር ከአይን ጥግ ተነስቶ በራስ በጀርባ ወርዶ ትንሿ የእግር ጣት ድረስ ይሄዳል፣ ስለዚህ ለወገብ ከጉልበት በስተኋላ ይወጋሉ። ቢኒ፣ 2007 ላይ የወጣ የጀርመን ጥናት ላይ ከ6 ወር በኋላ በመርፌው 47.6% ተሽሏቸዋል፣ የመውጊያ ነጥቡን ሳይጠብቁ እንዲሁ ላይ ላዩን ሲወጉ 44.2%፣ በተለመደው ህክምና 27.4%። ስለዚህ ነጥቡን ማን አብልጦ ያውቃል በሚለው አትጨነቅ፣ ፈቃዱንና ኢንሹራንሱን እይ። ሜዲኬር ከ2020 ጀምሮ 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ለቆየ የታችኛው ወገብ ህመም በ90 ቀን ውስጥ 12 ጊዜ ይሸፍናል፣ ከተሻላቸው 8 ይጨመራል። ግን አኩፓንክቸሪስቱ ብቻውን ለሜዲኬር ቢል ማድረግ አይችልም በሐኪም ስር መሆን አለበት፣ ቀጠሮ ከመያዝህ በፊት ሁለቱንም ደውለህ ጠይቅ። ማዘር ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ አስቀድማችሁ ንገሩ።

አልማዝ፦ እኔ ጥናት ምናምን አላውቅም፣ የዊተኗን ቻይናዊት በማንም አልለውጣትም። ምላስሽን አይታ፣ ሁለቱንም እጅሽን ይዛ የደም ስርሽን አዳምጣ ነው የምትጀምረው። የኔ ዶክተር መቼ ነክቶኝ ያውቃል?

አቤል፦ አልሚ ሜዲኬር ትቀበላለች ወይ ነው ጥያቄው

አልማዝ፦ ካሽ ነው የምከፍላት፣ ይገባታል!

ቢኒ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ነርሷ እግዚአብሔር ይስጥሽ።

ሚሚ፦ ነርሷ የኔስ ክንድ? አሁንም ሌሊት ሌሊት ይደነዝዛል

ነርሷ፦ እስካሁን?? ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል፣ በዚህ ሳምንት ሐኪም ይይሽ የኔ እህት።