ለሳይንስ ቀን የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ ድኝና የምድር ሙቀት

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ሐሙስ ይገባል። ርዕሱ «የእሳተ ገሞራ ድኝ ምድርን እንዴት ያቀዘቅዛል?» ነው። ሦስት ሰሌዳ፣ አንድ ንግግር። አምና የደረሰብንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ኬሚስትሪ፦ «ድኝ» ይውጣ። ድኝ ማለት ሰልፈር፣ ቢጫው ድንጋይ ነው። እኛ የምናወራው ስለ ጋዙ ነው፣ ስለ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ።

ጂኦግራፊ፦ ወላጆች እንዲመጡ አይደል ያሰብነው? «ዳይኦክሳይድ» ካልናቸው ከበር ይመለሳሉ። ይልቅ ስለ ፒናቱቦ እሳተ ገሞራ እናውራ። እ.ኤ.አ. በ1991 ፊሊፒንስ ውስጥ ፈንድቶ 15 ሚሊዮን ቶን ገደማ ጋዝ ወደ ላይ ረጨ። በማግሥቱ ዓመት የዓለም ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ገደማ ወረደ። ሰሌዳ 1 ይሄ ነው።

ጸሐፊ፦ እኔ ድኝ ሲባል የሚመጣብኝ ሰዶምና ገሞራ ነው። «እሳትና ዲን»፤ ዲን ያው ድኝ ነው። ሰው ስብከት ይመስለዋል።

ኬሚስትሪ፦ ይኸው!

ጂኦግራፊ፦ ቃሉ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስላለ ነው የምታፍሩበት? ዳሎል ሄዶ ያየ ሁሉ ድኝ ነው የሚለው።

ኬሚስትሪ፦ እፍረት አይደለም። ጋዙ ራሱ እኮ አያቀዘቅዝም። ከውሃ ተን ጋር ተዋህዶ ጥቃቅን የሰልፈሪክ አሲድ ጠብታ ይሆናል። የፀሐይን ብርሃን የሚመልሱት ጠብታዎቹ ናቸው። ዝቅ ብለው ከቀሩ ዝናብ በቀናት ያጥባቸዋል። ከደመና በላይ፣ ስትራቶስፌር ከደረሱ ግን አንድ ሁለት ዓመት ይቆያሉ። ይሄን ሳታስረዱ ርዕስ አትለጥፉ።

ጂኦግራፊ፦ አምናም በአንድ ቃል ተነታርከን ነው ቀኑ ያለፈብን። ማን እንደጀመረው አልናገርም።

ኬሚስትሪ፦ ተናገሪ! እኔ ወጥቻለሁ።

ፊዚክስ፦ ጋሼ፣ ይተዉ እባክዎ። ያለ እርስዎ ሰሌዳ 2 አይሠራም። ናብሮንስ ረሳነው? በ2011 እ.ኤ.አ. ኤርትራ ውስጥ፣ ድንበራችን ጥግ ነው የፈነዳው። ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ጋዝ ወጥቶበታል። ሥዕሉን እሠራለሁ ያለው ልጅ የት ገባ?

ጸሐፊ፦ ከማክሰኞ ጀምሮ ስልኩ ዝግ ነው።

ባዮሎጂ፦ መርከቦቹም ይግቡ። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነዳጃቸው የሚፈቀደው ድኝ ከ3.5 ወደ 0.5 በመቶ ወርዷል። አየሩ ጸዳ፣ ፀሐይን የሚመልሰው የጠብታዎቹ ጥላ ግን ሳሳ። ደግሞ ጭስ ይጠቅማል ብሎ የሚወጣ ተማሪ እንዳይኖር። ይሄ ጋዝ አስም ያለበትን ልጅ ያፍነዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ማተሚያ ቤቱ ርዕስ እየጠየቀኝ ነው። 7 ሰው 500 ብሩን አልከፈለም። ባለው ብር ሦስት ሰሌዳ አይታተምም።

ኬሚስትሪ፦ የኔን ዛሬ እልካለሁ። ትናንት ተቆጥቼ ነው፣ ይቅርታ። ግን የሳይንስ ቃላትን በአማርኛ የሚያስረዳ በራሪ ወረቀት ያስፈልገናል። ጭቅጭቃችን ራሱ ያሳያል።

ጂኦግራፊ፦ እሱስ እውነት ነው። እኔም እጽፋለሁ።

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው ንግግሩ ይቅር። አንድ ሰሌዳና የቃላት በራሪ ወረቀት። ርዕሱ «ድኝ፣ ዲን፣ ሰልፈር» ይሁን።

ጂኦግራፊ፦ ፒናቱቦስ?

ሰብሳቢ፦ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ቦታ ካለ።

ኬሚስትሪ፦ ይኖራል። ጠብታዎቹን እኔ እጽፋለሁ።

ጂኦግራፊ፦ ግማሽ ዲግሪዋ እንዳትቀር።