የይርጋጨፌ ቡናዬ ጥርስ ያጠርሳል፤ እንግዶቼ 11 ሰዓት ላይ ይደርሳሉ

ስኒ ሰባሪ (ጠያቂ)፣ ቅዳሜ 9፡05
ጤና ይስጥልኝ። ከኮቸሬ የመጣ፣ የታጠበና በስሱ የተቆላ 250 ግራም የይርጋጨፌ ቡና ገዝቼ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ በቪ60 (በወረቀት በሚያጠልለው ሾጣጣ ማጥለያ) ባጠልም፣ ሦስቱም ጊዜ ሎሚ የተጨመቀበት ይመስል ኮምጣጣና ውሃ ውሃ የሚል ሆነብኝ። በተመለከትሁት ቪዲዮ እንደተባለው 15 ግራም ቡና በ240 ግራም ውሃ አድርጌ፣ ውሃው ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ አቀዝቅዤ ነው የማፈስሰው። የቀረኝ 200 ግራም ገደማ ነው። ቡናው ተበላሽቷል ወይስ ያበላሸሁት እኔ ነኝ? እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ።

ዘነዘና፣ 9፡11
ቡናው በምን እንደተፈጨ፣ ከተቆላ ስንት ቀን እንደሆነውና ውሃው በስንት ደቂቃ አልፎ እንደሚያልቅ አልነገሩንም። ለማንኛውም ከአሁኑ አድቅቀው ይፍጩት።

የጉጂ ወዳጅ፣ 9፡14
በእኔ አስተያየት የተበላሸ ነገር የለም። የታጠበ የይርጋጨፌ ቡና የሚታወቀው በአበባ መዓዛውና ሎሚን በሚያስታውስ ቃናው ሲሆን፣ ቆይዎቹም በስሱ የሚቆሉት ይህ ቃና በእሳት እንዳይጠፋ ብለው ነው። ወዙ ወጥቶ እስኪጠቁር የተቆላ ቡና ስለለመድን ጉምዝዝ ያለውን ሁሉ እንደ ጉድለት እንቆጥራለን። እንግዶችዎን በትዕግሥት እንዲቀምሱት ቢጋብዟቸው ይሻላል።

ስኒ ሰባሪ፣ 9፡17
የአበባ መዓዛ ቢኖረው ኖሮ ባልተጨነቅሁ ነበር። ይህ ጥርስ ከማጥረስ በቀር ምንም የለውም። ውሃው አንድ ደቂቃ ተኩል ሳይሞላ አልፎ ያልቃል። የተቆላው የዛሬ አራት ቀን ነው።

ባለ ማጠቢያው፣ 9፡22
ከመፍትሔው በፊት ነገሩን ከሥሩ መረዳት ያስፈልጋል። ይርጋጨፌና ኮቸሬ የሚገኙበት የጌዴኦ ደጋ ቡና ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2,000 ሜትርና ከዚያም በላይ በሆነ ከፍታ በዛፎች ጥላ ሥር ስለሚበቅል ቀስ ብሎ ይበስላል፣ ፍሬውም ጠጣር ይሆናል። እንዲህ ያለው ፍሬ የመጀመሪያውን መንጣጣት እንደጨረሰ ከእሳት ሲወርድ ውስጡ እንደ ጥቁር ቁሌት አይሰባበርም፤ ስለዚህ ውሃ በቀላሉ ገብቶ ጣዕሙን አያወጣውም። መጀመሪያ የሚሟሟው ኮምጣጣው ነው፣ ጣፋጩ ቆይቶ ይከተላል፤ እርስዎም እየጠጡ ያሉት የቡናውን መጀመሪያ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ፣ በ2001 ዓ.ም. ቡና ወደ ምርት ገበያ ከገባ በኋላ በየአካባቢውና በየደረጃው እየተደባለቀ ይሸጥ ስለነበር የአንድ ማጠቢያ ጣቢያን ቡና ለይቶ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል፤ ዛሬ በከረጢት ላይ «ኮቸሬ» የሚል ጽሑፍ ማንበባችንን እንደ ተራ ነገር ማየት አይገባም።

ቶና ላይ የደረሰ፣ 9፡24
ከባለ ማጠቢያው ትምህርት ሳይወጡ እንግዶቹ እንዳይደርሱባቸው እሰጋለሁ። ምጣድ ላይ መልሰው ይቁሉትና ጤና አዳም ይጨምሩበት፤ ማንም አያውቅም።

ዘነዘና፣ 9፡26
በቀልድም ቢሆን ይህን አይምከሩ። አንዴ የቀዘቀዘ ቁሌት እንደገና እሳት ላይ ሲወጣ መዓዛው ይሄዳል፣ የሚቀረውም የደረቀ ዳቦ ዓይነት ጣዕም ነው። አሁንም አድቅቀው ይፍጩት።

ከእንጦጦ ሥር፣ 9፡31
የሚኖሩት አዲስ አበባ ከሆነ ዋናው ጥፋት አንድ ደቂቃ ማቀዝቀዝዎ ነው። ቪዲዮው የተሠራው ውሃ በ100 ዲግሪ አካባቢ በሚፈላበት ዝቅተኛ አገር ላሉ ሰዎች ይመስለኛል። ከተማችን 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አንድ ደቂቃ ሲቀመጥ ከ90 በታች ይወርዳል፣ ቀዝቃዛው ሸክላ ማጥለያ ላይ ሲያርፍ ደግሞ የበለጠ ይወርዳል። በስሱ ለተቆላ ቡና ይህ ለብ ያለ ውሃ እንደ ማለት ነው። ማጥለያውንና ወረቀቱን በፈላ ውሃ አሙቀው፣ ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው ሳያርቁ እየተንተከተከ ያፍስሱ።

ከሜሪላንድ፣ 9፡38
ይቅርታ፣ በዚህ አልስማማም። ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ በትምህርት ቤት ሁላችንም ተምረናል። እኔ ሁልጊዜ ሠላሳ ሰከንድ እጠብቃለሁ፣ ቡናዬም ጣፋጭ ነው።

ከእንጦጦ ሥር፣ 9፡41
እርስዎ የሚኖሩት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል አገር ስለሆነ ሠላሳ ሰከንድ ቢጠብቁም የእኔ ውሃ እየፈላ ካለው የእርስዎ ይሞቃል። በየ300 ሜትር ከፍታ የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ሽምብራ ስንቀቅል ጋዝ የሚያልቅብን ያለ ምክንያት አይደለም።

ስኒ ሰባሪ፣ 9፡44
አዎን፣ ኮተቤ ነኝ፤ ግልጽ መስሎኝ ሳልጽፈው ቀረሁ። መፍጫዬ ምላጭ ያለው የኤሌክትሪክ ነው፤ አድቅቄ ልፍጭ ስል ግማሹ ዱቄት ይሆንና ወረቀቱን ይደፍነዋል፣ ግማሹ ክክ ሆኖ ይቀራል።

ዘነዘና፣ 9፡47
ምላጭ መሆኑን ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ አድቅቁ እያልሁ ባልደጋገምሁ ነበር። መፍጫውን ሦስት ሦስት ሰከንድ እያቋረጡና እየነቀነቁ ይፍጩ፣ በወንፊት ይንፉት፣ የቀረውን ክክ ብቻ መልሰው ይፍጩ። የሚፈለገው ልክ ለጀበና ከምንወቅጠው ትንሽ ሻከር ያለ ነው።

የእማማ ጀበና፣ 9፡53
ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዲግሪ ከምትቆጥሩ ጀበና ብታፈሉበት ምን ይላችኋል? ጀበና እሳት ላይ ስለሚቆይ ውሃው አይበርድበትም። ልጄ ከውጭ ያመጣችልኝን እንዲህ ያለ ቀይ ቁሌት ሳፈላ ከወትሮው ቀጠን አድርጌ፣ አንዴ ሲገነፍል አውርጄ እንዲሰክን ትቼዋለሁ። ጎምዘዝ ይላል፣ ነገር ግን ይጠጣል። ጀበና ካልወደዳችሁ ፔርሙዝ ውሰዱ፤ በፈላ ውሃ አሙቁት፣ ያንን ድፉ፣ ቡናውንና የሚንተከተከውን ውሃ ከትታችሁ ስድስት ደቂቃ ክደኑት፣ ከዚያ በዚያ በወረቀታችሁ አጥልሉት። ሙቀቱ ሳይሸሽ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ጣፋጩም ይወጣል።

ከእንጦጦ ሥር፣ 9፡56
ከእስካሁኑ ምክር ሁሉ ይህ ይበልጣል፣ የእኔንም ጨምሮ። በውሃው ሙቀት ያጣነውን በጊዜ እናካክሳለን፤ ውሃው በራሱ ፍጥነት አልፎ ስለማይሄድም መፍጫው ያላስተካከለው ያን ያህል አይጎዳም። አንድ ነገር ልጨምር፤ አራት ቀን ለስስ ቁሌት ገና ትኩስ ነው፣ ውስጡ ያለው ጋዝ ውሃውን ይገፋል። አሁኑኑ ፈጭተው ግማሽ ሰዓት ክፍት ቢተዉት ጥቂቱ ይወጣለታል። የሚተርፈውን ፍሬ ግን ሳይፈጩ ሌላ አሥር ቀን ያቆዩትና ያወዳድሩ።

ቶና ላይ የደረሰ፣ 10፡02
በአምቦ ውሃ ቢፈላስ?

ባለ ማጠቢያው፣ 10፡09
ቀልድዎ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ባይካርቦኔት የበዛበት ውሃ አሲዱን ይገድለዋል። ይሁን እንጂ ከኮምጣጣው ጋር የአበባ መዓዛውም ደብዝዞ፣ የኮቸሬን ቡና ከየትም ከመጣ ቡና መለየት ያቅታል፤ ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጡበት ምክንያት ደግሞ ይኸው ልዩነት ነበር።

ስኒ ሰባሪ፣ 10፡20
በፔርሙዙ አንድ ሞከርሁ። ማጠረሱ ቀንሶ ከኋላ እንደ ማር ያለ ነገር መጣ። ነገር ግን ስድስት ሰው በአንድ ፔርሙዝ እንዴት እንደማስተናግድ አላውቅም፤ 60 ግራም ቡና በአንድ ሊትር ልሞክር ነው። በሩ ተንኳኳ መሰለኝ፣ ቀድመው መጡ።

የእማማ ጀበና፣ 10፡22
ለአንድ ሊትር ስምንት ደቂቃ ቆይበት፣ ከመቅዳትሽ በፊት አንዴ አማስዪው። ጀበናውንም ለማንኛውም ጣጂው።

የጉጂ ወዳጅ፣ ሰኞ 3፡15
እንግዶቹ ምን አሉ?

ከሜሪላንድ፣ ማክሰኞ 4፡40
እኔም ለማወቅ እየጠበቅሁ ነው። በዚህ አጋጣሚ፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜን በቴርሞሜትር እንዲለካልኝ ጠይቄው ነበር፤ 92 ነው አለኝ።