ፍግ ካለኝ ዩሪያውን መተው እችላለሁ? (ኮምቦልቻ ዙሪያ)

ቦርከና ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ማሳ አለኝ። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፣ ማሽላና ጤፍ እዘራበታለሁ። የሚደልቡ በሬዎችም አሉኝ። እበቱ በየቀኑ እየተዛቀ ደጅ ይከመራል፤ ክረምት ሲገባ ግን ከክምሩ ሥር ጥቁር ውሃ እየወጣ በቦዩ ይወርዳል። የዩሪያ ማዳበሪያ ዋጋ እንደምታውቁት አይቀመስም። ይህን ሁሉ እበት ማሳ ላይ ባወጣው ዩሪያውን ጭራሽ ልተወው? ጎረቤቶቼ «እበት ሰብል ያቃጥላል፣ አረም ያመጣል» ይሉኛል። የሞከራችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ጦሳ ሥር፦
አብሽር ወንድሜ፣ በእጅህ ሀብት አለ። ጭራሽ ተወው ግን አልልህም። 1 ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። በደንብ የተያዘ ደረቅ የከብት ፍግ በኩንታል ከ1 እስከ 2 ኪሎ ቢኖረው ነው፤ እሱንም በአንድ ክረምት አይለቀውም፣ ለከርሞም ያስተርፋል። ስለዚህ ዩሪያውን ቀስ በቀስ ቀንስ። ፍግ ደግሞ ዩሪያ የሌለውን ፎስፈረስና ፖታሺየም ይሰጥሃል፣ ዋልካውንም ያላላዋል።

እኔን ያሳሰበኝ ያ ጥቁር ውሃ ነው። በሬ ከሚያወጣው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ በሽንቱ ነው የሚወጣው፣ አንተ ደግሞ ወደ ቦይ እየለቀቅከው ነው። ከግርግም የሚተርፈውን ገለባ በሬዎቹ ሥር አንጥፍ፣ ሽንቱን ይጠጣል። ክምሩን ጥላ ሥር አድርገህ ክዳን አልብሰው፣ ጎርፍ እንዳይገባበትም ዙሪያውን ቦይ ቅደድለት።

የካሉ ልጅ፦
ጎረቤቶችህ ከመሬት ተነስተው አይደለም የሚሉት። ገለባ የበዛበት ጥሬ እበት ማሳ ላይ ሲገባ፣ ገለባውን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ከአፈሩ ይሻሙታል፣ ሰብሉም ቢጫ ይሆናል። የዶሮ ኩስ ከሆነ ደግሞ በእርግጥም ያቃጥላል። መፍትሔው ማብላላት ነው። ክምሩ መሃሉ 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ አብዛኛው የአረም ዘር ይሞታል፤ ዳር ያለው ወደ መሃል እንዲገባ እየገለበጥክ ድገመው። እርጥበቱን ለማወቅ አንድ እፍኝ ጨብጠህ እየው። ውሃ ከተንጠባጠበ በዝቷል፣ እጅህን ስትከፍት ከተበተነ አንሷል። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ ከደሴ ቶሎ ይደርስልሃል።

ቦርከና ዳር፦
አላህ ይስጥልኝ። መቼ ላውጣው? ዩሪያውንስ?

የካሉ ልጅ፦
ፍጉን ከዘር በፊት አውጣና ያንኑ ቀን አርሰህ ቅበረው። ያ ዓይን የሚለበልብ ሽታ አሞኒያ ነው፣ ማለትም ናይትሮጅንህ ወደ ሰማይ እየሄደ ነው። ዩሪያም ላይ ላዩን ተበትኖ ፀሐይ ሲያገኘው እንደዚሁ ይተናል፤ ለማሽላው ሽልሻሎ ላይ (ቡቃያው ካደገ በኋላ በመሃሉ ስታርስ) ከሥሩ ጎን አድርገህ አፈር አልብሰው። ውሃ ባቆረ ዋልካ ላይ ግን በፍጹም አትጨምር። አፈሩ አየር ሲያጣ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ይጠፋል፣ መጀመሪያ ውሃውን አጠንፍፍ። ለጤፉ ደግሞ አታብዛበት፣ ይጋሸብብሃል፣ መሬት ላይ ይተኛል።

የደሴ ዙሪያዋ፦
ስለ ኩበት እኔ ልጨምር። እኛ ጋ ደጋ ነው፣ እንጨት የለም፣ ኩበት አታንድዱ ማለት አትብሉ እንደማለት ነው። ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፣ ፎስፈረሱና ፖታሺየሙ ግን አመዱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አመዱን አትድፉት፣ ማሳ ላይ በትኑት። ከፍግ ወይም ከዩሪያ ጋር ብቻ አትቀላቅሉት፣ አሞኒያውን ያባርረዋል። ውሃ ቅርቡ የሆነ ሰው ባዮጋዝ ቢሠራ ደግሞ ጋዙን ለምድጃ፣ ዝቃጩን ለማሳ ያደርገዋል፤ ናይትሮጅኑ ዝቃጩ ውስጥ ነው ያለው።

ጦሳ ሥር፦
አንድ ነገር ረስቼ። ግቢህ የውሃ ጉድጓድ ካለ ክምሩን አርቀው፣ ከጉድጓዱም በላይ በኩል አታድርገው። ከፍግ የሚወርደው ናይትሬት ውሃ ውስጥ ሲበዛ በጡጦ ለሚያድግ ሕፃን አደገኛ ነው፤ ማፍላትም አያጠፋውም።